ለፈተና የተተከለ ድንኳን

ገበያነሽ ሞተች ሲሉኝ መጀመሪያ የመጣብኝ ሳቅ ነው፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ያን ጊዜ ፈረስ ቤት ከተማ፣ ትንሹ ልጄ ዘንድ ነበርኩ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጠፉልኝና ከወዲያ "እሙሃይ፣ እትዬ ገበያነሽ አርፈዋል" የሚል ድምፅ ሰማሁ። እኔም "ታዲያ ማን ሊያለቅስላት ነው?" ብዬ ሳቄን ለቀቅኩት። ልጄ ያበድኩ መስሎት ስልኩን ነጠቀኝ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ገበያነሽ አልቃሽ ነበረች። ከፍኖተ ሰላም አንሥቶ እስከ ቡሬ፣ ሰው በሞተበት ቤት ሁሉ ሙሾ የምታወርደው እሷ ናት። እናም እሷ ራሷ ስትሞት አገሩ አፉን ይዞ ቀረ። ሚኒባስ ተሳፍሬ ለቀብሩ ደረስኩ። ሴቶቹ እርስ በርስ ይተያያሉ፤ እያንዳንዷ ሌላዋ እስክትጀምር ትጠብቃለች። በመጨረሻ አንዷ ደፈረች፤ የመጀመሪያውን ስንኝ አለችና ሁለተኛው ጠፋባት። እጇን እንደዘረጋች ቆማ ቀረች። ከኋላዬ አንዲት ባልቴት "ይህንን ብትሰማ ከሣጥኑ ወጥታ ትጨርሰው ነበር" አለች። ሳቅ ተነሣ። ቄሱ ሳይቀሩ ወደ ዛፉ ዞረው ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ።

እኔና እሷ ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ ባለ መንደር አጥር ለአጥር ነበርን። እኔ ቤቴ ብዙ አልቀመጥም። ልጆቼ አንዱ ፈረስ ቤት፣ አንዱ ጅጋ፣ አንዷ ቡሬ ናቸው፤ እዚህ ሰንብቼ እዚያ እሄዳለሁ። "እናታችን መናኸሪያ የሌላት ሚኒባስ ናት" ይሉኛል። ከመንገድ በተመለስኩ ቁጥር ገበያነሽ አጥሩን ተደግፋ "ደግሞ ከየትኛው ቤት ተባረርሽ?" ትለኛለች። ሰላምታዋ ይህ ነው።

ቁመቷ ከትከሻዬ አያልፍም፤ ድምፅዋ ግን ከእሷ ቀድሞ ይደርሳል። ልቅሶ ቤት ስትገባ ዘመዱን ወደ ጎን ጠርታ ትጠይቃለች። "ምን ይወድ ነበር? ማንን ነበር የሚሳደበው?"

"ምነው እትዬ፣ ለሙት ስድብ ምን ይሠራለታል?" ሲሏት፣

"ሰው የሚታወቀው በስድቡ ነው፤ ደግነቱንማ ሁሉም ይዋሻል" ትላለች። ከዚያ መቀነቷን ፈታ ታጠብቃለች፤ ዝናብ ይመጣ እንደሆነ እንደሚያይ ገበሬ ቀና ብላ ሰማዩን ታያለች፤ ትጀምራለች።

አንድ ሰው ነበር፤ ልጆቹ ስላሉ ስሙን አልጠራም። እህሉን ነቀዝ ይበላዋል እንጂ ለጎረቤት አያቀምስም። ሲሞት ልጆቹ "እትዬ፣ እባክዎን ደግ ደጉን ብቻ" አሏት። "እሺ" አለች። ገባችና እንዲህ አለች፦

ሰው ሁሉ አለቀሰ እኔም አላነስኩም፣
ጎተራህ ሞልቶልህ ቅንጣት አልቀመስኩም።

ለቀስተኛው ነጠላውን አፉ ውስጥ ጠቀጠቀ። የሟቹ ሚስት ብቻ ቀና ብላ "እውነት ነው፤ ድገሚው" አለች።

እንግዲህ የማልረሳላትን ልንገራችሁ።

ውጤት የወጣ ሰሞን ቡሬ ያለችው ልጄ ፋንታነሽ ደወለች። የእሷ ልጅ ባንቺአምላክ፣ እኛ ባንቹ የምንላት፣ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ወስዳ ነበር። ልጆቹ ፍራሻቸውን ተሸክመው፣ በአውቶቡስ ተጭነው፣ ዩኒቨርሲቲ ግቢ አድረው ነው የሚፈተኑት፤ ሲሄዱም ሲመለሱም እንደ ሰርገኛ እየዘፈኑ ነው። ውጤቱ ደግሞ በስልክ ነው የሚታየው። ድሮ ክፉ ወሬ ሽማግሌ ተልኮ፣ ቁጭ በሉ ተብሎ ነበር የሚነገረው፤ አሁን ከኪስ ይወጣል። ባንቹ ስልኳን አየች፤ ገልብጣ አስቀመጠችው፤ ጓዳ ገባች። ወድቃለች። ደግሞ እሷ ብቻ አይደለችም፤ ከትምህርት ቤቷ ያለፈው በጣት የሚቆጠር ነው።

"እማ፣ እስቲ ነይ" አለችኝ ፋንታነሽ በሹክሹክታ።

"ምን ሆነች?"

"ምንም። ብቻ ነይ።"

ገበያነሽ ይህን ስትሰማ "እኔም እሄዳለሁ፤ የቡሬን ሰው ቀብሬው እንጂ ጠይቄው አላውቅም" አለች። ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ስንደርስ ረዳቱ አያትና ፊቱ ተለዋወጠ።

"እትዬ፣ ማን ሞተ?"

"ማንም።"

"ኧረ ይንገሩኝ፣ ቡሬ አጎት አለኝ።"

"አጎትህ ደኅና ነው። ሰው ካልሞተ ሚኒባስ አይሳፈሩም እንዴ?"

"እርስዎማ ተሳፍረው አያውቁም!"

እስክንደርስ ድረስ ተሳፋሪው ተራ በተራ ወደየቤቱ እየደወለ "ሁላችሁም አላችሁ?" ይላል።

ፋንታነሽ በሩን ገርበብ አድርጋ አስገባችን፤ ወዲያው ዘጋችው። ቴሌቪዥኑ ላይ ነጠላ ጣል ተደርጎበታል። መስኮቱ አልተከፈተም። ባንቹ ጓዳ ውስጥ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። ጠራኋት፤ አልዞረችም። እጇን ብይዘው እንደ እርጥብ ጨርቅ እጄ ውስጥ ቀረ። እህል ከተወች ሰንብታለች፤ ሌሊት አትተኛም፣ ቀን አትነሣም።

"ራስ ምታት ነው" አለች ፋንታነሽ።

"ጎረቤት ጠየቃት?" አለች ገበያነሽ።

"ጎረቤት አያውቅም። አዲስ አበባ፣ አክስቷ ጋ ሄዳለች ብያለሁ።"

"ለምን?"

"እንዴ እትዬ! አእምሮዋ ተነካ ቢባል ማን ያገባታል? ማን ይቀጥራታል? ስሟ ወጥቶ ቀረ ማለት እኮ ነው።"

ገበያነሽ ቤቱን ዞር ዞር ብላ አየችው። "ይሄ የሐዘን ቤት ነው" አለች። "ሥራዬ ነው፣ አይጠፋኝም። ማን ሞቶባችሁ ነው?"

"ኧረ ማንም አልሞተም!"

"ሞቷል እንጂ። የዚህች ልጅ ተማሪነት ሞቷል። ከሕፃንነቷ ጀምሮ አብሯት ያደገ ነው፤ ጠዋት የሚቀሰቅሳት፣ ደብተር የሚያስይዛት እሱ ነበር። ሲሞትባት እግዜር ያጥናሽ ያላት የለም። ያልተለቀሰለት ሞት ከቤት አይወጣም።" ይህን ብላ መቀነቷን ፈታ አጠበቀች።

ፋንታነሽ ምን ልታደርግ እንደሆነ ገባትና እጇን ያዘች። "እትዬ፣ በማርያም! በሕይወት ባለች ልጅ ላይ? ሟርት ነው!"

"ሟርቱስ በሕይወት ያለችን ልጅ ደብቆ እስክትሞት መጠበቅ ነው።"

እኔም "ተይ ገበያነሽ" ብያለሁ። ግን ገበያነሽ ተይ ስትባል የምትተው ሴት ብትሆን ኖሮ አልቃሽ አትሆንም ነበር። ሰማይ ስለሌለ ጣሪያውን አየችና ለቀቀችው፦

ዐሥራ ሁለት ዓመት ሣር ያጨድንላት፣
ልናልባት ስንል ደፋችብን ወተት።

አልቃሽ ሁሉ ለሴት ልጅ የሚለውን ቀጠለች፦

ዶሮ ሳይጮኽ ነቅታ ውሃ የምትቀዳ፣
በሳቅ የምትቀበል የመጣን እንግዳ።

"ውሸት!" አለ ድምፅ ከጓዳው መጋረጃ ኋላ። "ግቢ ውስጥ ቧንቧ አለን! እንግዳም አልወድም!"

ከስንት ቀን ዝምታ በኋላ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው። ፋንታነሽ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ገበያነሽ ግን በሙያው እንደተሰደበ ሰው ኮስተር ብላ "እንግዲያው ራስሽ ንገሪኝ፣ ምን ልበል? ካልነገርሽኝ ውሃውን መቅዳቴ ነው" አለች።

"ሰነፍ ነበረች በሉ።"

"ስንፍና ለሙሾ አይመችም። ሌላ?"

"ለምንም አትጠቅምም ነበር በሉ።"

ገበያነሽ ወደ መጋረጃው ጠጋ ብላ ተቀመጠች። "ያንን አልልም" አለች ቀስ ብላ። "እኔ የሟች ዘመድ ቢለምነኝ እንኳ እንዲህ ያለውን ውሸት አልልም።"

እኛ ጓዳውን ስናዳምጥ ውጭ ያለው ደግሞ እኛን ሲያዳምጥ ኖሯል። የገበያነሽን ድምፅ የሰማ የቡሬ ሰው "ማን ሞተ?" እንጂ "ለምን?" አይልም። የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ሙላት በአጥሩ በኩል ሲያልፍ ሰማ። ቤቱ የፋንታነሽ ነው፤ ልጅቷ አዲስ አበባ ሄዳለች ተብሏል፤ አልቃሿ ከፍኖተ ሰላም ድረስ መጥታለች። ነገሩ ገጠመለት። ጡሩምባውን አንሥቶ በየመንደሩ ነፋው፦ "የወይዘሮ ፋንታነሽ ልጅ ባንቺአምላክ በአዲስ አበባ አርፋለች! ድረሱ!"

ዘወር ስንል ግቢው ሰው ሆኗል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ይገባሉ፤ ወንዶቹ የድንኳኑን ምሰሶ በጋሪ ጭነው ይገባሉ። ባቄላ ተጥዶ ንፍሮው መንፈቅፈቅ ጀመረ። ፋንታነሽ "አልሞተችም" እንዳትል "ታዲያ የት ናት?" ሊመጣ ነው። ዝም አለች፤ ሰው ዝምታዋን ሐዘን አለው። እኔም እሷን አይቼ ተውኩት። በዚህ መሃል የፋንታነሽ የነፍስ አባት መስቀላቸውን ይዘው ደረሱና ገበያነሽን ጠየቋት።

"አስከሬኑ የት ደረሰ?"

"ጓዳ ናት፣ አባ።"

"ኧረ! መቼ ገባች?"

"ወጥታም አታውቅ።"

"ተገንዛለች?"

"ቁርስም አልበላች እንኳን መገነዝ።"

አባ ትኩር ብለው አዩዋት። ሌላ ሳይጠይቁ ግን ጅጋ ያለው ልጄ ይታየው መርዶው በስልክ ደርሶት እየከነፈ ደረሰ፤ ሚኒባሱ ሳይቆም ነው የዘለለው። ደረቱን እየደቃ ድንኳኑ ውስጥ ተዘረጋ። "ልጄን! ልጄን! ፈተናው ምን አባቱ! ትውደቅ! መቶ ጊዜ ትውደቅ! እሷ ብቻ ትኑርልኝ!" እያለ መሬቱን ይቧጥጣል። ይታየው በወትሮው ሁለት ቃል ተናግሮ ሦስተኛውን ለነገ የሚያሳድር ሰው ነው።

መጋረጃው ተገለጠ። ባንቹ ፀጉሯ ጎፈር መስሎ፣ ብርድ ልብስ ተከናንባ ወጣች። በሩ ላይ ቆማ "አጎቴ፣ አለሁ" አለች።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ቄስም አይናዝዘው። ሙላት ጡሩምባውን ጥሎ አጥር ዘለለ። አንዲት ጎረቤት ወደኋላ ስትል ንፍሮው ቅርጫት ላይ ቁጭ አለች። አባ "በስመ አብ" ብለው የቀረውን ረሱት። ይታየው ብቻ አልሸሸም፤ ተነሥቶ ከነብርድ ልብሷ አቀፋት።

ሰው ሲረጋጋ ንዴት መጣ። የእድሩ ዳኛ "ሞት ሳይኖር ድንኳን አይተከልም፤ ደንብ አለን!" አሉ።

ሙላት ከአጥሩ ማዶ "የተተከለ ድንኳንም ሰልስት ሳይወጣ አይነቀልም፤ እሱም ደንብ ነው!" አለ።

ገበያነሽ ተነሣች። "ሞት አለ" አለች። "ይህች ልጅ ትምህርቷ ሞቶባት ብቻዋን ተቀምጣ ነበር። እናቷ አፍራ ደብቃት ነበር። እንግዲህ መጥታችኋል፤ ድንኳኑም ቆሟል፤ ንፍሮውም ከተቀመጡበት የተረፈው ይበላል። ወይ ተቀመጡ ወይ ሂዱ።"

ያቺ ንፍሮ ላይ የተቀመጠችው ጎረቤት ቀሚሷን እያራገፈች "እንግዲያው አይነቀል" አለች። "የእኔም ልጅ ደብረ ማርቆስ ሄዷል ብያችሁ የለ? አልሄደም። አልጋው ላይ ነው።" ሌላዋ መሬት መሬት እያየች "የእኔም ባሕር ዳር አልሄደችም" አለች። ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ የእሳቸውም ወንድ ልጅ ወዴትም አልሄደም ኖሯል። ለካ ያ ሁሉ አገር ለቀቀ የተባለ ልጅ ግድግዳ እያየ ቡሬ ነው።

ድንኳኑ እስከ ሰልስት ቆየ። ልጆቹ መጀመሪያ እየተጎተቱ፣ ኋላ በራሳቸው መጡ። ልቅሶ ቤት እንደሚደረገው ካርታ ይጫወታሉ፤ ንፍሮ ይቆረጥማሉ። ገበያነሽ መሃላቸው ቁጭ ብላ "አንተ ምን ሞተብህ? አንቺስ?" ትላለች። አንዱ ሐኪምነት ሞቶበታል፣ አንዷ የአውሮፕላን አስተናጋጅነት ሞቶባታል። ወዲያው ታወርድላታለች፦

በአውሮፕላን ሆኜ አያችኋለሁ ብላ፣
ከእኛው ጋር ተገኘች ስትበላ ባቄላ።

ልጅቷ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ ሳቁ መሃል ላይ ለቅሶ ሆነባትና ጓደኞቿ አቀፏት። ባንቹም ከብርድ ልብሷ ጋር ጥግ ይዛ ተቀምጣ ነበር። አልሳቀችም። ጥቂት ፍሬ በላች።

በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ተነቀለ። ሌሎቹ ልጆች ፊታቸውን ታጥበው ወደ ገበያው፣ ወደ መንገዱ ወጡ። ባንቹ ተመልሳ ወደ ግድግዳው ዞረች። ገበያነሽ ይህን ቆማ አየች፤ እኔ እንደዚያ ቀን አንሳ አይቻት አላውቅም።

"የእኔ ሙያ እስከ ሰልስት ነው" አለች። "ከዚህ ወዲያ ሐዘን አይደለም፤ ሕመም ነው። ሐኪም ዘንድ እንውሰዳት።"

"ጠበል አይሻላትም?" አለች ፋንታነሽ አባን እያየች።

"ጠበሉም መድኃኒቱም የእሱ ነው፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም" አሉ አባ።

"ሰውስ ምን ይላል?"

ገበያነሽ ጮኸች። "ሰው? ሰው ሞተች ብሎ አልቅሶ፣ ንፍሮ በልቶ ጨርሷል! ከሞተች የባሰ ምን ሊል ነው?"

ፋንታነሽ የባንቹን ጫማ አምጥታ እግሯ ሥር አስቀመጠች።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ለአእምሮ ሕመም የተለየች ክፍል አለች። ነርሱ ገና ልጅ ነው፤ የባንቹ ታላቅ ወንድም ነው ቢባል ይታመናል። "እናቶች ውጭ ይጠብቁ" ቢል ባንቹ የገበያነሽን ነጠላ ጫፍ ያዘች። "እሳቸው ይግቡ" አለች። እኔም ማንም ሳይጠራኝ ገባሁ፤ ልማዴ ነው። ስለ እንቅልፏ ጠየቃት፤ ስለ ምግቧ ጠየቃት። ከዚያ፣ ውሃ ስጪኝ እንደሚል ሰው ሳይጮኽ ሳያንሾካሽክ፣ "ለመሞት አስበሽ ታውቂያለሽ?" አላት።

"አዎ" አለች ባንቹ።

"አሁንስ?"

"ድንኳኑ እያለ ሰው ስለነበረ ትቶኝ ነበር። ትናንት ተመልሶ መጣ።"

እኔ ይህን ሁሉ ቀን እጇን ይዤ ይህን አልጠየቅኳትም። ነርሱ ግን አልደነገጠም። "ስለነገርሽኝ ደግ አደረግሽ" አላት። ድብርት የሚባል ሕመም መሆኑን፣ የሚታከም መሆኑን፣ መድኃኒቱ ቶሎ ባይሠራ እንዳትተወው፣ በየሳምንቱ እየመጣች እንድታወራው ነገራት። ለእኛ ደግሞ "ለጊዜው ብቻዋን አትተዉአት" አለን።

መድኃኒቱ ሥራውን እስኪጀምር ጊዜ ወስዷል። ከነርሱ ጋር ያወራችው ወሬም ብዙ ነው፤ የእሷ ስለሆነ አልጠየቅኳትም። ዛሬ ባንቹ እዚያው ቡሬ ፋብሪካ ውስጥ ትሠራለች፤ እንግዳ አሁንም አትወድም። ገበያነሽን ሳስብ ግን የሚመጣብኝ ያን የመጀመሪያ ቀን ከጤና ጣቢያው ስንመለስ የሆነው ነው።

ባጃጅ ውስጥ ሦስታችን ተጠጋግተን ተቀምጠናል፤ ባንቹ ዳር ነች፣ ገበያነሽ መሃል። ፋንታነሽ ቤት ሆና ትጠብቀናለች።

"እትዬ" አለች ባንቹ።

"ወይ።"

"እውነት ሞቼ ቢሆን ኖሮ ምን ይሉ ነበር?"

ገበያነሽ መንገዱን አየች። በቆሎ የጫነ ጋሪ አለፈን።

"ምንም" አለች።

"ምንም?"

"ለዚያ ግጥም የለኝም። በሬን ዘግቼ እቀመጥ ነበር።"

"እርስዎ? ዝም ብለው?"

"ዝም ብዬ።"

ባንቹ ዞር ብላ አየቻት። ገበያነሽ ፊቷን ነጠላዋ ውስጥ ከትታለች፤ ትከሻዋ ይርገበገባል። ባንቹ እጇን ዘርግታ ያቺን ትንሽ ጉልበቷን ያዘችላት።

"ለሳምንቱ ቀጠሮ አብረውኝ ይመጣሉ?" አለች ባንቹ።

ገበያነሽ አፍንጫዋን ጠረገች። "ዳሩን ከለቀቅሽልኝ እመጣለሁ። እዚህ መሃል ታፍኜ ሞትኩ።"

ባንቹ ባጃጁ እየሄደ ብድግ አለች፤ በገበያነሽ ጉልበት ላይ ተሻግራ ወደ መሃል ልትገባ ስትል ባጃጁ ወዲያና ወዲህ ተናጠ፤ ሾፌሩ "ኧረ ልትገለብጡኝ ነው፣ ተቀመጡ!" ብሎ ጮኸ።